ከዘሪሁን ጋር የወደቀው ዲስክ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

31 በመቶ። አሁንም። ሰባተኛ ሙከራዬ ነው። አረንጓዴው መስመር እየተሳበ ይመጣና እዚያችው ቦታ ላይ ይቆማል። ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ዝም። ከዚያ ላፕቶፑ ማንበብ አልቻልኩም የሚል ሳጥን ያወጣል። እንደገና ሞክር የሚለውን እነካለሁ። ጠቅ፣ ጠቅ።

ሙቀት። ሰፈራችን ሴቻ በዚህ ሰዓት ሰው የለባትም፤ ባጃጆቹ እንኳ ዛፍ ሥር ተኝተዋል። ከታች አባያ ሐይቅ ቀይ ሆኖ ተዘርግቷል፣ አንድም ነገር አይንቀሳቀስበትም። ሳየው ዓይኔ ይከደናል። ተኝቼ ይሆን የምጽፈው?

ደብተሬ፣ ዲስኩ የዘሪ ነው፤ የታላቅ ወንድሜ የዘሪሁን። ዩኒቨርሲቲው በር አጠገብ ላፕቶፕ ይጠግን ነበር። ከዶርዜ ተራራ ሲወርድ ጉም ውስጥ ሞተሩ ተንሸራተተ። ከሞተ ዛሬ 26ኛ ቀኑ። ዲስኩ በጀርባው ባዘለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። አንዱ ጥጉ ብቻ ጎድጉዷል፣ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል። ሌላው ደህና ነው። የዘሪም ፊት ደህና ነበር።

የፋይሎቹ ስም ሁሉ ይታያል። ውስጣቸው ነው የማይነበበው። አንዱ ፎልደር "ናቲ አይክፈት" ይላል። ናቲ እኔ ነኝ። ዕቃውን ስለምነካበት ሁሌ እንዲህ ይጽፍብኛል፤ የጫማው ካርቶን ላይ ሳይቀር። አሥራ አንድ ፋይል አለው። አሥሩ ትናንሽ፣ አንዱ ትልቅ፣ የሁለት ፊልም ያህል።

አሁን ማን ይከለክለኛል። ስምንተኛ ሙከራ።


ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከት/ቤት ስመለስ ሰላም እቤት ናት። እማዬ አጠገብ ተቀምጣለች።

ስለ ሰላም አልነገርኩሽም። የዩኒ. ተማሪ ናት፣ የመጨረሻ ዓመት፣ የደብረ ብርሃን ልጅ። በሰልስቱ ቀን የእድራችን ዳኛ ድንኳኑ መሃል ቆመው ጠየቁ። ሟች ዘንድ አደራ ያስቀመጠ ካለ ዛሬ ይናገር አሉ። ልማዱ ነው። አንዱ ኪቦርድ አለኝ አለ። አንዷ ቻርጀር። ሰላም በመጨረሻ ተነሳች። የእኔ በእጅ አይያዝም፣ ድምፅ ነው አለች። ሰው ግራ ገባው። አባባ ተነስቶ፣ ልጄ፣ ምንም ይሁን ምን እንመልሳለን አላት። ድምፅ በምን እንደሚመለስ አያውቅም። ግን አላት።

ዶርዜ ላይ ጥጥ የሚፈትሉ እናቶችን ያነጋገረችበት ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፏ። ጋሞኛ ስለማትችል ዘሪ ያስተረጉምላት ነበር። ኋላ ላፕቶፕዋን ሊያስተካክልላት ሲል ድምፆቹን ለጊዜው ወደዚህ ዲስክ ወሰዳቸው። ስልኳ ስለሞላ እሷ ቀድማ አጥፍታቸዋለች። ሌላ ቦታ የሉም። ጽሑፉን የካቲት 21 ለአማካሪዋ ካልሰጠች ዘንድሮ አትመረቅም።

ዲስኩ እንዴት እየሆነ ነው አለችኝ። እየሠራሁበት ነው አልኳት።

ፎልደሯን ገና አልነካሁትም።


ሐሙስ፣ የካቲት 6፤ ጠዋት

አንድ ቪዲዮ አገኘሁ። ሰውየው እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ የሚጽፈው ትእዛዝ ግን አጭር ነው። ዲስኩን ፈትሽ፣ የተበላሸ ቦታ ካለ ጠግን። ጻፍኩት። ቁጥሮች መውረድ ጀመሩ። እስክመለስ ይሥራ።

እማዬ ጠቅ ጠቅታውን ሰምታ መጣች። ያመዋል እንዴ አለችኝ፣ ዲስኩን። ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ፤ ፎጣ አጥፋ ከሥሩ ታነጥፍለታለች።


ዓርብ፣ የካቲት 7

ጨረሰ። ጠግኛለሁ ይላል።

ትልቁ ፋይል አሁንም አይከፈትም።

የሰላም ፎልደር የለም። ሁለቴ አየሁ። ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። የለም። በሱ ፈንታ አንድ አዲስ ፎልደር አለ፣ ውስጡ 214 ቁርጥራጮች። ስም የላቸውም። ቀን የላቸውም። ተራ ቁጥር ብቻ።

ቅድም እዚያ ነበር። ሙሉ ነበር። መጀመሪያ እሱን ብገለብጥ ኖሮ ምናልባት ይወጣ ነበር። ውድቀቱ አይደለም የቆራረጠው። እኔ ነኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። እራት አልበላሁም። እማዬ የዘሪ ናፍቆት መሰላት። ዝም አልኩ። ይሄም ውሸት ነው አይደል?


ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር

የውሃ ተራችን ነው። አባባ ቦዩን በአካፋ ይከፍታል፣ እኔ እከተላለሁ። ውሃው አንዱን የሙዝ መደብ ይሞላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ላይኛው ቦይ ተንዷል። እሱን ልጠግን ቆምኩ። አባባ ተወው አለኝ። ውሃ እያለ ክፍት ክፍቱን እናጠጣ፤ እዚህ ብንቆም ተራችን ያልፍና ሁሉም ይደርቃል። የተናደውን ከተረፈን እንመለስበታለን።

ቀትር ላይ ሙዝ ሥር ጋደም አልኩ። ብርሃኑ ራሱ አረንጓዴ ነው። ውሃው በጆሮዬ በኩል ያልፋል። ዘሪ ከላይ፣ ከዶርዜ መንገድ ጠርዝ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ከኩልፎ እስከ ጫኖ ያለው ማሳ ሁሉ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል፣ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። እየጠቆመ ይጠራል። ይሄ ይነበባል። ይሄ ይነበባል። ያንን ዝለለው። ለምን እላለሁ። ይስቃል። ጉም ይመጣና ከእግሩ ጀምሮ ይሸፍነዋል፤ ሳቁ ግን እንዳለ ነው።

ስነቃ ጉንጬ ላይ ጭቃ ነበር። አባባ ከአጠገቤ ተቀምጦ ዝንብ ያባርርልኛል።


ሰኞ፣ የካቲት 10

ለቲ/ር ምሕረት ነገርኳት። የአይሲቲ መምህራችን። ከትእዛዙ ጀምሮ ሁሉንም።

አልተቆጣችኝም። ዲስኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንሽ ነቅነቅ አደረገችው። የጻፍከው ትእዛዝ ለጤነኛ ዲስክ ነው አለች። አንተ ያደረግከው እግሩ የተሰበረን ልጅ ኳስ አጫውቶ ዳነ ወይ እንደማለት ነው።

እንዲህ ነው ደብተሬ። ዲስኩ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሃን አለ፣ ፊቱ ወደ በጣም ትናንሽ ቦታዎች ተከፋፍሏል። የሚያነበው መርፌ መሰል ነገር በውድቀቱ ጊዜ ሰሃኑን ነክቶታል። የተነካው ቦታ አይነበብም፤ ባድ ሴክተር ይሉታል። እዚያ ላይ እንደገና ሞክር ባልኩ ቁጥር መርፌው እየተጎዳ ነው። እኔ ስንቴ አልኩ? ሠላሳ? አርባ?

መላው ከዲስኩ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው። መጠገን የለም። እንዳለ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወደ ጤነኛ ዲስክ መገልበጥ። የማይነበብ ሲገጥም ዘሎ ማለፍ፣ መጨረሻ ላይ ከተቻለ መመለስ። ይሄንን የሚሠራ ፕሮግራም አላት።

መጀመሪያ አንዱን ፎልደር ብቻ ብናወጣስ አልኳት። የትኛውን እንደሆነ አልነገርኳትም።

"ናትናኤል" አለችኝ፣ "ከምትወደው አትጀምር።"

የአባባን አካፋ አሰብኩ። ቅዳሜ የነገረኝ ይሄንኑ ነበር። ሰምቼ ተኛሁ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 11፤ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ

ቲ/ር ምሕረት ከራሷ ዲስክ ላይ ቪዲዮዎቿን አጥፍታ ቦታ ሰጠችን። ጀመርን። ስክሪኑ ላይ ካርታ አለ፤ ትናንሽ ካሬዎች። የተነበበ አረንጓዴ፣ የተዘለለ ግራጫ፣ እምቢ ያለ ቀይ። እየሞላ ሲሄድ ሳየው ከቅዳሜው ሕልሜ ያልወጣሁ ይመስለኛል።

ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ዲስኩ ጋለ። ጠቅ ጠቅ አለ። ነቀልነው። እስኪበርድ ጠበቅን። ሃያ ደቂቃ። ጋለ። ክፍሉ ቆርቆሮ ቤት ነው፣ ማራገቢያው የሚያመጣው ሙቅ አየር ነው። ቀኑን ሙሉ 9 በመቶ። በዚህ አያያዝ የካቲት 21 አይደርስም።


ረቡዕ፣ የካቲት 12

ትናንት ማታ አባባ ጠየቀኝ። ይግላል አልኩት፣ ሌላውን አልነገርኩትም። ሲግልብህ ምን ላይ ታስቀምጠዋለህ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ አልኩ። ሳቀ። ከ33 ቀን በኋላ መጀመሪያ ሲስቅ።

ዛሬ 4 ሰዓት ላይ ት/ቤት በር ጫጫታ። ወጣሁ። አባባ የሙዝ ግንድ ተሸክሞ ቆሟል፣ ውሃው በትከሻው ይወርዳል። ዘበኛው መንገድ ዘግቶበታል።

"አባት፣ ይሄ ከብት ቤት አይደለም እኮ። ለምንድን ነው?"

"ለኮምፒውተር ነው።"

"ለምን?"

"ለኮምፒውተር አልኩህ። ትኩሳት ይዞታል።"

ዘበኛው እኔን አየ። እውነት ነው አልኩ። ክፍሉ ሁሉ መስኮት ላይ ነበር፤ እውነቴን ነው ደብተሬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቲ/ር ምሕረትም መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እጇን ግንዱ ላይ አደረገች። አባባ በቢላ ለሁለት ሰነጠቀው። ውስጡ ነጭ፣ እርጥብ፣ ከምንጭ እንደወጣ ቀዝቃዛ ነው። ማሳው ላይ የሚጠጣውን ውሃ እንዲህ ነው የሚያቆየው። ግን እርጥበቱ ዲስኩ ውስጥ እንዳይገባ አለች ቲ/ር ምሕረት። ፌስታል፣ በላዩ ደረቅ ጨርቅ፣ በላዩ ዲስኩ።

ሃያ ደቂቃ። አርባ። አንድ ሰዓት ከሩብ።

አባባ ጥጉ ላይ የጎደጎደችውን ቦታ በጣቱ ነካት። ይቺ ናት? አለኝ። አዎ አልኩ። ብዙ አይደለችም አለ። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።


ዓርብ፣ የካቲት 14

በሁለት ቀን ተኩል ሙሉውን ዞረ። ካርታው አረንጓዴ ነው፤ መሃሉ ላይ እንደ ጠባሳ ግራጫና ቀይ ያለበት መስመር።

ግልባጩ ላይ "ናቲ አይክፈት"ን ከፈትኩ። ትናንሾቹ አሥሩ ተነበቡ። የኳስ ጌም ነው። ባለፈው ዓመት ፈተና ሲደርስ ከላፕቶፑ ላይ ጠፋ ብሎ የማለልኝ ጌም፣ ከነመክፈቻው። ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ውሸታም! ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረ።

ትልቁ ፋይል ግራጫው ላይ ነው። ስሙ ቁጥር ብቻ ነው፤ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ግራጫው ላይ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ትልቁ ፋይል፣ እና ከሰላም ቁርጥራጮች ሃያ ሦስቱ። ቲ/ር ምሕረት ፊት ለፊት ነገረችኝ። መርፌው አንድ ዙር ይችል ይሆናል። ሁለት አልልህም። የወንድምህ ነው፣ አንተ ወስን።

ውጭ ልጆች ይጫወታሉ። ድምፃቸው ከሩቅ ነበር የሚመጣው፣ ከውሃ ውስጥ እንደምሰማው።

የሰላምን አልኩ።

ሃያ አንዱ ወጡ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ዲስኩ ረጅም ድምፅ አሰማ፣ እንደ ትንፋሽ። ከዚያ መሽከርከሩን አቆመ። አዲስ የሙዝ ግንድ ብናደርግለትም አልተነሳም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ለሰላም ነገርኳት። አባባና እማዬ ባሉበት፣ እሷን ፊት ለፊት እያየሁ። ከሷ በፊት የራሴን እንደፈለግኩ። የቆራረጥኩት እኔ እንደሆንኩ።

"ለምን ያን ቀን አልነገርከኝም?"

የሞተውን ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

"አሥር ቀን ናቲ! አሥር ቀን እየሠራሁበት ነው እያልከኝ!"

ተነስታ ወደ ግቢው ወጣች። እማዬ ልከተላት አለች፣ አባባ ያዛት። ማንጎው ሥር ቆመች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። እስከ 21 ስድስት ቀን አለን፣ ሊበቃን ይገባል አለች። አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ለራሷ፣ አንዱን ለኔ።

ዘሪ ኤምፒስሪ ወደሚባለው የድምፅ ዓይነት ቀይሯቸው ስለነበር ቁርጥራጮቹም ይጫወታሉ። ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል አይታወቅም። አስተርጓሚ የለም። እኔ ጋሞኛ እችላለሁ። ስለዚህ እኔ።


እሑድ፣ የካቲት 16

በድምፅ እንለያለን። ዝናብ የቀርከሃውን ቤት የሚመታበት አንድ ቀን ነው። ዶሮ የሚያስቸግርበት ሌላ ቀን። አንዲት እናት የምታስልበት፣ እማማ ዳሬ ይሏታል፣ ሦስተኛ ቀን። ሰላም ትጽፋለች፣ እኔ እናገራለሁ።

የዘሪ ድምፅ በየመሃሉ ነው። አስቤው አላውቅም ነበር ደብተሬ። እንዴት አላሰብኩትም! ይጠይቃል፣ ይሰማል፣ ለሰላም በአማርኛ ይነግራታል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። መጀመሪያ ስሰማው ሰላም ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወጣች። እኔም። ትንሽ ቆይተን መልሰን አደረግን። 

አሁን ለምጄዋለሁ። ሌላ ክፍል ውስጥ ያለ ይመስለኛል።


ማክሰኞ፣ የካቲት 18

አርባው ዛሬ ነበር። ሰው መጣ፣ ሄደ። ሰላምና እማዬ ሲያስተናግዱ ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ ሠራን።

አንድ ነገር አለ። ዘሪ ሲያስተረጉም ያሳጥራል። እናቶቹ ብዙ ያወራሉ፣ እሱ ጥቂት ይነግራታል። መጀመሪያ የቸኮለ መሰለኝ። አይደለም። እማማ ዳሬ በጋሞኛ ምን ትለዋለች፤ አንተ ልጅ፣ ለዚች ለባለ ደብተሯ ልጅ ነው ጢምህን የላጨኸው? ሴቶቹ ያሽካካሉ። ዘሪ ለሰላም፣ ጥጡ ዘንድሮ ጥሩ ነው እያሉ ነው ይላታል።

ሳቄ አመለጠኝ። ሰላም ምን አሉ አለችኝ።

ስለ ጥጥ ነው አልኩ።


ሐሙስ፣ የካቲት 20፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

192ኛው ቁርጥራጭ። ዝናብ የሌለበት፣ እማማ ዳሬ የምታስልበት። ሰላም ለማተም ወጣ ብላለች፤ ብቻዬን ሰማሁት። አራቴ።

እማማ ዳሬ፦ ይቺ ልጅ የላይኛውን የዶርዜን ብርድ ትችላለች ወይ? ጠይቃት እንጂ፣ አፍ የለህም?

ዘሪ በጋሞኛ፦ መጀመሪያ ትመረቅ እማማ። የምርቃቷ ቀን እጠይቃታለሁ። አሁን ብጠይቃት ጽሑፏን ትታ እኔን ታስባለች።

ሳቅ። ሳል። የእንዝርት ድምፅ።

ከዚያ ወደ ሰላም ዞሮ፣ በአማርኛ፣ በዚያች ቁም ነገረኛ ድምፁ፦ ቀጭን ፈትል ጊዜ ይፈልጋል እያሉ ነው።

ደብተሬ፣ ይሄንን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። ሰላም ማስታወሻዋ ላይ ጽፋው ነበር፤ የሦስተኛው ምዕራፍ ርዕስ እሱ ነው። ከሥሩ "እማማ ዳሬ፣ ዶርዜ" ይላል። እማማ ዳሬ አላለችውም። አንድም ሰው አላለውም። ዘሪ ከጭንቅላቱ ያወጣው ነው።

ብነግራት ርዕሷ ይፈርሳል፣ ለነገ አንድ ምሽት ቀርቷታል። ሌላም ነገር ይፈርሳል ወይም ይሠራል፣ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ባልነግራት ማንም አያውቅም። እናቶቹ ጽሑፉን አያነቡም። አማካሪዋ ጋሞኛ አይችልም። ስለ ጥጥ ነው ማለት ቀላል ነው፤ ማክሰኞ ብዬዋለሁ፣ ከአፌ ሲወጣ የዘሪን ድምፅ ይመስል ነበር።

ግን እሱ ሊነግራት ነበር። ቀን ቆርጦ ነበር። እኔ ምን ቀን ልቆርጥ ነው?

ሁለት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። በአንዱ የፈትሉን። በሌላው የተባለውን ሁሉ፣ የእማማ ዳሬን ጥያቄ፣ የዘሪን መልስ፣ ሳሉን ሳይቀር። አነበብኳቸው። የመጀመሪያውን ቀደድኩት።

በሩ ተከፈተ። እማዬ ግቢ ልጄ ትላለች። ሰላም ነጠላ ጫማዋን ደጅ ስታወልቅ ይሰማኛል፤ አንዱን፣ ሌላውን። ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ 192ን መጀመሪያው ላይ አቁሜዋለሁ። ወረቀቱን መጀመሪያ አልሰጣትም። ዘሪ ራሱ ይንገራት፣ እኔ ከኋላ ከኋላው እተረጉምላታለሁ።